ቀድመው የተወለዱት

ሕልመኛዋ ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስሙ የወጣላት ከምሳ በኋላ ዐይኗ እየከደነ ስለሚያስቸግራት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ምሳ ሳትበላም እንዲያው ናት። ሰው ሲያናግራት መጀመሪያ ፈገግ ትላለች፣ ቀጥላ ከሩቅ መንገድ እንደ ተመለሰ ሰው ዙሪያ ገባውን ታያለች፣ ከዚያ "ምን አልከኝ?" ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት ዳታቤዝ ትጠብቃለች ብሎ ማን ያምናል? እሷ ግን ትጠብቃለች፤ ያውም የሕፃናት ሆስፒታሉን የወተት ባንክ።

ወተት ባንክ ሲባል የላም ወተት እንዳይመስላችሁ። ጡታቸው ሞልቶ የተረፋቸው እናቶች ወተታቸውን ያመጣሉ፤ ይመረመራል፣ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ በትንንሽ ጠርሙስ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ያለ ቀናቸው ለተወለዱና የእናታቸው ጡት እምቢ ላላቸው ሕፃናት ይሰጣል። የትኛው ጠርሙስ ለየትኛው ሕፃን እንደሚሆን የሚመርጠው ማሽን ነው። የሰጪዋን ምርመራ ያያል፣ የምትወስደውን መድኃኒት ያያል፣ የሕፃኑን ክብደትና የሆዱን ነገር ያያል፣ ከዚያ ለጠርሙሱ የሚለጠፍ ወረቀት ያትማል። ያለዚያ ወረቀት ከማቀዝቀዣው የሚወጣ ጠብታ የለም። ይህን ደንብ ያወጡት የማቀዝቀዣዎቹ ኃላፊ ናቸው፤ እመ ጠርሙስ ይሏቸዋል። "እኔ እጄን አላምነውም፤ እጅ ይደክመዋል" ይላሉ። ይህን ካሉ በኋላ ንጉሥ ቢለምናቸው ንቅንቅ የለም።

ዝናቡ መቆሚያ ባጣበት በዚያ ሰሞን አሮጌው ማሽን ሞተ። ጭስ አልነበረውም፣ ፍንዳታም አልነበረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያንጎራጉር ኖሮ አንድ ጠዋት ዝም አለ። አዲሱ ማሽን አጠገቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ስለነበር ማንም ብዙ አልደነገጠም። ሕልመኛዋ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፣ አዲስ ዳታቤዝ ፈጠረች፣ የመጠባበቂያ ቅጂውን ገለበጠችበት። ሠንጠረዦቹ በየተራ ገቡ። እናቶቹ ገቡ፣ ጠርሙሶቹ ገቡ፣ ሕፃናቱ ከነክብደታቸው ገቡ። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ቀይ መስመር ወጣ። የሚመርጠው ፈንክሽን፣ ማለትም የምርጫው ትእዛዝ የተጻፈበት ክፍል፣ አልገባም። "ይህ የተጻፈበት ቋንቋ የለም" ይላል ማሽኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝ ከተፈጥሮው የሚያውቀው መያዝና ፈልጎ ማውጣት ነው። "ይህ ከሆነ ያንን ተው፣ ያ ካልሆነ ደግሞ ተመልሰህ ቀጣዩን እይ" እያሉ በቅደም ተከተል የሚያዙበትን ቋንቋ ግን ሁሉም ይዞት አይወለድም፤ ሰው ይጭንለታል። ካልተጫነለት የቱንም ያህል ብልህ ፈንክሽን ብትሰጠው አያነበውም። የወተት ባንኩ ፈንክሽን የተጻፈው እንዲህ ባለ ቋንቋ ነው። አሮጌው ማሽን ላይ ማን መቼ እንደ ጫነው የሚያስታውስ አልተገኘም፤ አዲሱ ላይ ደግሞ ጭራሽ የጫነው ሰው አልነበረም። እናም ወተቱ አለ፣ ሕፃናቱ አሉ፣ መራጩ የለም።

ከሕፃናቱ አንዱ የሕልመኛዋ እህት ልጅ ነው። እፍኜ ይሉታል፤ ሲወለድ በአባቱ እፍኝ ውስጥ ገብቶ ስለነበር። እናቱ ከወለደች ጀምሮ ሕመም ጥሏት ወተቷ አልመጣም። ባለፈው ሳምንት ወተት ባንኩ ባዶ በሆነበት ቀን የዱቄት ወተት ሰጥተውት ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ተረፈም አልተረፈም ሳይባል ስንት ቀን ትንፋሹን ሲቆጥሩለት ከረሙ። ማሽኑ በሞተበት ጠዋት ሐኪሙ ሕልመኛዋን ኮሪደሩ ላይ አቁሞ ሳይሸፋፍን ነገራት። "በግሉኮስ እስከ ከሰዓት አቆየዋለሁ። ለከሰዓቱ ምግብ የእናት ወተት ካልደረሰ ግን ዱቄቱን መልሼ ከመሞከር ሌላ ምርጫ የለኝም። አንጀቱ ደግሞ ሁለተኛ ይችለዋል ብዬ አልምልልሽም።"

እሷም ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ሕልመኛዋ አንድ ጠባይ አላት፤ የሠራችውን ነገር ለሁሉም እንዲሆን አድርጋ አንዴ መገላገል ትወዳለች። ማሽኑ ውስጥ ቴምፕሌት የሚባል ዳታቤዝ አለ፤ እሷ እናትየዋ ትለዋለች። አዲስ ዳታቤዝ ፍጠር ሲባል ማሽኑ ከባዶ አይጀምርም፤ እናትየዋን ገልብጦ ልጅ ያወጣል። እናትየዋ ያላት ሁሉ ልጁም ይኖረዋል። "ቋንቋውን ለእናትየዋ ከሰጠኋት ለሁሉም ይደርሳል፤ ነገ ሌላው እንዲህ አይቸገርም" አለች በልቧ። ደግ ሐሳብ ነው። አስተዋይ አንባቢ የደጉን ሐሳብ ቀዳዳ ከወዲሁ አይቶት ይሆናል፤ እሷ ግን ሌሊቱን እህቷ አጠገብ ወንበር ላይ ያደረች ናት፤ አይፈረድባትም። ስክሪኑ ላይ የእናትየዋን መስኮት ከፈተች፣ ቋንቋውን ጫነች፣ "ተጭኗል" ተባለች፤ ፈገግ አለች።

በሌላው መስኮት ወደ ወተት ባንኩ ሄዳ ፈንክሽኑን ስታስገባ "ቋንቋው የለም" አላት።

ተመልሳ ጫነች። "ቋንቋው አለ፤ ድጋሚ አይጫንም" አላት።

ፈንክሽኑን አስገባች። የለም። ጫነች። አለ። ውጪ ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ የማቀዝቀዣው ነፋስ ከጣሪያ ይወርዳል፣ የማሽኖቹ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ አለ፣ የለም፣ አለ፣ የለም የሚሉ እየመሰላት ሄደ።

በዚህ መሃል የማሽኖቹ ደኅንነት ኃላፊ ሳያንኳኩ ገቡ። ጋሽ ጥርጣሬ ይሏቸዋል፤ የገዛ ጥላቸውን መታወቂያ የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

"የጫንሽው የታመነውን ነው?" አሉ ገና ከበሩ። ቋንቋዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ከዳታቤዙ ቅጥር ውጪ እጁን የማይሰድ፣ ለማንም ቢሰጥ የማያሰጋ፤ ሌላው የማሽኑን ፋይል ሁሉ መንካት የሚችል። ጋሽ ጥርጣሬ ሁለተኛውን ስሙን ሲሰሙ እንኳ ደማቸው ይፈላል።

"የታመነውን ነው ጋሼ።"

"እና ምን ሆነ?"

"ጫን ስለው አለ ይለኛል። ፈንክሽኑን ሳስገባ የለም ይለኛል።"

"አለም፣ የለምም?"

"አለም፣ የለምም።"

ጋሽ ጥርጣሬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "ማሽን አይዋሽም ልጄ። የሚዋሽ ሰው ነው። ለመሆኑ ተኝተሻል?"

"ትንሽ ተኝቻለሁ።"

"ይኸው! አልኩሽ እኮ።" ሳቅ ሊመጣባቸው ሲል ነገሩ ትዝ አላቸውና ድምፃቸውን ቀነሱ። "ያ ትንሹ ልጅ እንዴት ነው?"

"እየጠበቀን ነው" አለች። ሌላ ነገር ብትጨምር እንባዋ እንደሚቀድማት አውቃለች።

ማሽኑን አጥፍተው አስነሱት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ያው አለ፣ ያው የለም። ጋሽ ጥርጣሬ ስልክ ሊደውሉ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። እሷ ዐይኗን ለአፍታ ብትጨፍን መፍትሔው የሚገለጥላት መስሏት ግንባሯን ክንዷ ላይ አሳረፈች። እንቅልፍ ደግሞ ሰበብ ሲያገኝ መቼ ይለምናል?

በሕልሟ ረጅም ቤት ውስጥ ናት። ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያው ነጭ ግድግዳ፣ ያው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ያው ጠርሙሶች። በአንደኛው ክፍል አንዲት ሴት ቆማ "ይህን አንሺ፣ ያንን ተዪ፣ ትንሹን አስቀድሚ" እያለች በዝግታ ታስረዳለች፤ ቃሏ ጥርት ያለ ነው። ግን የሚሰማት ሰው በክፍሉ የለም። ሕልመኛዋ በሩን ከፍታ ወደሚቀጥለው ክፍል ስትገባ አንድ ትንሽ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጠርሙሶቹን ይቆጥራል። ቆጥሮ ይጨርስና ቀና ብሎ ያያታል፤ የትኛውን እንደሚያነሳ አያውቅም። "ቆይ፣ ማዶ ያለችውን ልጥራልህ" ልትለው ትፈልጋለች። ወደ ኋላ ስትዞር በሩ ግድግዳ ሆኗል። በግድግዳው ውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ ይሰማል፤ ልጁ ግን አይሰማውም። አንጀቷን በላው። ልጁን አቅፋ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ልታስጠጋለት ስትል ስልኩ ጮኸ።

የደወለችው የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ነርስ ናት። "እህትሽ ምግቧን እምቢ ብላለች፤ ነይና አናግሪያት።"

ኮሪደሩን እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። መስኮቶቹ በዝናብ ደብዝዘው ዛፎቹ ሲያዩዋቸው የሚዋኙ ይመስሉ ነበር፤ ሰዎች አለፏት፣ ሰላም አሏት፣ ለማንኛቸው መልስ እንደ ሰጠች ለማንኛቸው እንዳልሰጠች እንጃ። የጨቅላ ክፍሉ ሞቃትና ጸጥ ያለ ነው። እህቷ ከማሞቂያው ሳጥን አጠገብ ተቀምጣለች፤ በመስተዋቱ ውስጥ እፍኜ በጎኑ ተኝቶ ትንሽ እጁን ሲከፍት ሲዘጋ ይታያል። የምግቡ ትሪ እንደ መጣ ተቀምጧል።

"ምነው የኔ እናት፣ አትበዪም?"

"ምን ያደርግልኛል እትዬ?"

"ለአቅምሽ ነዋ። እንድትነሺለት።"

እህቷ ትሪውን በክርኗ ገፋ አደረገችው። "ሆዴ ውስጥ ሳለ ቢሆን እበላ ነበር። የበላሁት ሁሉ ሳልጠራው ይደርሰው ነበር። አሁን እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ከዛሬ ጀምሮ የዓለምን ሲሳይ ቢያጎርሱኝ ለሱ ምኑ ይደርሰዋል? መቀበል ያለበትን ሳይቀበል ቀድሞኝ ወጥቷል።"

ሕልመኛዋ አጽናኝ ቃል ልትናገር አፏን ከፍታ ሳለ እዚያው ቀረች። ፈገግ አለች። ዙሪያ ገባውን አየች።

"ምን አልሽኝ?" አለች።

"ቀድሞኝ ወጥቷል አልኩሽ።"

"እናትየዋን ነው እኮ ያበላኋት!"

"የማንን እናት?"

"ልጁን ጠዋት ወለድኩት፣ እናትየዋን ከዚያ በኋላ አበላኋት! ከእንግዲህ ለሚወለዱት ነው የሚደርሳቸው፤ ለሱ ከየት ይድረሰው?"

እህቷ ነርሷን አየቻት፤ ነርሷም እህቷን አየቻት። እንቅልፍ ማጣት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ሁለቱም ያውቃሉ።

ሕልመኛዋ ጎንበስ ብላ የእህቷን ግንባር ሳመች። "ስሚኝ የኔ ሆድ። ባንቺ በኩል ባይደርሰው ለራሱ ይሰጠዋል። ለልጁ ለራሱ መስጠት ይቻላል። አንቺ ብዪ፤ እኔ መጣሁ።" ለነርሷ ደግሞ "ሐኪሙን ትንሽ ጠብቅ በዪልኝ፤ ዱቄቱን እንዳትነኩ" ብላት ወጣች። በሥራ ዘመኗ ስትሮጥ የታየችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ "ሕልመኛዋን ምን ነካት?" ብላ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች።

ማሽኑ ፊት ስትቀመጥ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ጠበቃት። ሁለት መስኮት ከፍታለች። በአንደኛው ራስጌ ላይ የእናትየዋ ስም ተጽፏል፣ በሁለተኛው ራስጌ የወተት ባንኩ ስም። አለ ያለውም እውነት ነው፣ የለም ያለውም እውነት ነው፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለየራሳቸው ቤት ነው። ወተት ባንኩ የተፈጠረው ጠዋት ነው፤ እናትየዋ ቋንቋውን ያገኘችው ከዚያ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ለሌላው ሁሉ ስታስብ ፊቷ የተቀመጠውን ዘለለችው።

ወደ ወተት ባንኩ መስኮት ዞረች። አንዴ ተሳስታ አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈች። አንዲት መስመር ናት። ቋንቋውን ለልጁ ለራሱ ጫነችለት። "ተጭኗል" አላት። ጠዋትም እንዲሁ ብሏት ነበርና አሁን ፈገግ አላለችም። ፈንክሽኑን አስገባች። ቀይ መስመር አልወጣም። የከሰዓቱን ምግብ ምረጥ አለችው።

ማሽኑ ትንሽ አሰበ፤ ወይ ለእሷ ያሰበ መሰላት። ከዚያ በታችኛው ፎቅ፣ እመ ጠርሙስ ክፍል ውስጥ፣ የማተሚያው ድምፅ ተሰማ።

ጠርሙሱን የሚያመጣውን ሰው መጠበቅ አልቻለችም፤ ራሷ ወረደች። እመ ጠርሙስ የታተሙትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ከጠርሙሶቹ ጋር እያስተያዩ ነበር። ስለ ሰዓቱ ቢነግሯቸውም አይቸኩሉም፤ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላሉ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚፈስ ነገር ደግሞ አይለቀምም። በመጨረሻ የእፍኜን ጠርሙስ አወጡና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀመጡት። በረዶው ከዳር ከዳር እየለቀቀ ነጩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሁለቱም ያዩት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከማቀዝቀዣዎቹ ጉርምርምታ በቀር ድምፅ የለም፤ ሕልመኛዋ ቆማ እንቅልፍ ሊወስዳት ምንም አልቀራት።

"ይቺን አውቃታለሁ" አሉ እመ ጠርሙስ።

"ማንን?"

"ሰጪዋን። ቁጥሯን አይቼ ነው።" ጠርሙሱን በሁለት ጣት ይዘው ውሃው ውስጥ ቀስ አድርገው አዞሩት። "ልጇ እዚሁ እኛ ጋ ነበር፤ መስኮቱ ሥር ካለው ሳጥን። ብዙም አልቆየላት። እሱ ካለፈ በኋላ ጡቷ ወሬውን አልሰማም፤ በየሰዓቱ ይሞላል። አንድ ቀን እንዲህ እየዘነበ ጠርሙሶቿን በጋቢ ጠቅልላ በእግሯ መጣች። 'ለማን እንደምትሰጡት አትንገሩኝ፤ ብቻ አይደፋ' አለችኝ።"

ሕልመኛዋ የሰጪዋን ቁጥር ጎንበስ ብላ አነበበች።

"ለእህትሽ እንዳትነግሪያት" አሉ እመ ጠርሙስ ጠርሙሱን እያደረቁ። "ደንብ ነው። ደንብ ባይሆንም አይነገርም።" ወረቀቱን ለጠፉ፣ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ ሰጧት።

ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ደረጃውን ወጣች። ጨቅላ ክፍሉ ስትደርስ ሐኪሙ ቆሞ ይጠብቃል፤ የዱቄቱ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ሳይከፈት ተቀምጧል። ጠርሙሱን ሲያይ ቆርቆሮውን ምንም ሳይናገር ወደ መደርደሪያው መለሰው።

እፍኜ ገና መጥባት አይችልም። ነርሷ ወተቱን መግፊያው በወጣለት ክፍት ስሪንጅ ውስጥ አፈሰሰችው፤ ከስሪንጁ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው በኩል ወደ ሆዱ ይወርዳል። ስሪንጁን ከፍ አድርጋ ያዘችለት። ወተቱ በራሱ ክብደት ዝግ እያለ ወረደ። ለዐይን እስኪያታክት ድረስ ዝግተኛ ነው። እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ሆነው የወተቱን ጠርዝ ይከታተላሉ፤ ሐኪሙ የልጁን ሆድ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና ለስላሳ መሆኑን ራሱን ዝቅ ከፍ አድርጎ ነገራቸው። የእፍኜ እጅ ተከፈተ፣ ሳይዘጋ ቀረ። እንቅልፍ ወሰደው።

"ጠጣ?" አለች እናቱ በሹክሹክታ።

"ጠጣ።"

እናቱ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችና አንድ ጉርሻ ጎረሰች፤ እያላመጠች የባዶውን ጠርሙስ ወረቀት አየች። ወረቀቱ ላይ ከቁጥር በቀር ምንም የለም።

"የማን እንደሆነ አትነግሩኝም፤ አውቃለሁ" አለች። "ማንም ትሁን ግን፣ ልጇን ያሳድግላት።"

ሕልመኛዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከመስኮቱ ሥር ያለው ሳጥን ባዶውን ነበር፤ አንሶላው ተቀይሮለታል።

"አሜን" አለች።

"ምነው እትዬ? ታለቅሻለሽ እንዴ? ጠጣ እኮ!"

"ስለጠጣ ነው" አለቻት።